ነገረኛው ጠያቂ

«የኳስ ወሬ አታነሳም። ማልልኝ!» አለች ወለተሐና፣ በሩን ግማሽ ዘግታ።

ሰማታር የሙዙን ፌስታል ወደ ግራ እጁ አዛወረና «ወላሂ አላነሳም» አለ። ምን ያድርግ? ባሏ አዳነ ስትሮክ መትቶት ከሐዋሳ ሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ ይህችን ደጃፍ ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። እሷም የባሌን ደም ግፊት ያናረው የሰማታር ጭቅጭቅ ነው ብላ ለነገሌ ሕዝብ በሙሉ አዳርሳለች። ብትፈራ አይፈረድባትም።

ጭቅጭቁ ደግሞ የአንድ ሰሞን አልነበረም። አዳነ የስፖርት መምህር ሆኖ ከደሴ ተመድቦ የመጣ ጊዜ፣ የበርሜል ቀለበት የግራር ግንድ ላይ ቸንክሮ ቅርጫት ኳስ የሚባል ነገር ለከተማው አመጣ። ሰማታር ያኔ የአባቱን ሱቅ ገና መረከቡ ነበር፤ እየዘጋ ይሮጣል። ማይክል ጆርዳንን ቪዲዮ ቤት ገብተው፣ ከሞያሌ በመጣ ካሴት፣ አብረው አዩት። ከዚያ ዘመን ተለወጠ፣ ዲሽ ገባ፣ ሌብሮን ጄምስ መጣ፤ ሰማታርም ከዳ። አዳነ «ከጆርዳን በላይ አልተፈጠረም» ሲል፣ ሰማታር «ያንተ ጆርዳን ሌብሮን ፊት ኳስ አቀባይ ነው» ሲል፣ ሁለቱም ሸበቱ።

ክፍሉ ውስጥ ጠያቂዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። አዳነ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ አንደበቱም ተይዟል። ሾርባ ሲሰጡት አፉን ከመክፈት በቀር፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ለማንም ምልክት አሳይቶ አያውቅም። ሐኪሙ «ይሰማል» ብሏል፤ ወለተሐና ግን እሱንም መጠራጠር ጀምራለች።

ልጆቻቸውን አዳነ ያስተማረላቸው ኦቦ አረሮ፣ የሊበኑ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው «ናጋ፣ ሰላም ይሁን» እያሉ መረቁ። መርቀው ሲጨርሱ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ጥሩ ሰው ነበር» አሉ። «ልጆቼን እንደ ልጆቹ ነበር የሚያያቸው።»

«ኧረ ደግ ነበር!» አለች አንዲት ጎረቤት፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ሰውዬው ሳይሞት ለቅሶ ተቀመጡበት እኮ! ሰማታር ሙዙን መሬት ላይ አስቀመጠ። ወላሂ ብሏል፤ እንግዲህ አላህ ይቅር ይበለው።

«አዳነ!» አለ ጮክ ብሎ። «ሌብሮን ይበልጣል።»

«ሰማታር!» አለች ወለተሐና።

«ተዪኝ። ነገሩ ዛሬ ሽማግሌ ፊት ይቋጭ። ኦቦ አረሮ፣ አንቱ እማኝ ይሁኑኝ። ከጥንት እስከ ዛሬ ቅርጫት ኳስ ከተጫወተ ሰው ሁሉ ሌብሮን ይበልጣል ብያለሁ። አዳነ ካልመለሰልኝ አምኗል ማለት ነው። ዝም ያለ ተረታ!»

ኦቦ አረሮ ግራ ገባቸው። ሙግት ግን ሙግት ነው፤ ዱላቸውን አቃኑ።

«ይኼ ሌብሮን የማን ልጅ ነው?»

«የአሜሪካ ሰው ነው።»

«ከብት አለው?»

«ቢፈልግ የቦረናን ከብት ሁሉ ይገዛል።»

«እንዲያ ከሆነስ ትልቅ ሰው ነው» አሉ ኦቦ አረሮ። ከዚያ ወደ አልጋው ዞሩ። «አዳነ፣ መልስ አለህ?»

አዳነ ከግድግዳው ዞረ። ቀስ ብሎ ነው፤ ግን ዞረ። ያ ሰማታር የሚያውቀው ቁጡ ዓይን መጥቶ እሱው ላይ ተተከለ። ግራ እጁ ከጋቢው ወጣ፤ አምስት ጣቶቹ ተዘርግተው አየር ላይ ቆሙ።

«ይኸው፣ ውጡልኝ እያለ ነው!» ወለተሐና እንባዋ መጣ። «ተነስ ሂድልኝ! ልትገድልብኝ ነው እንዴ?»

«ውጡ አላለም። ዋንጫ ነው የሚቆጥረው» አለ ሰማታር። ወደ አልጋው ጠጋ አለ። አዳነ ክርክር በመጣ ቁጥር መጨረሻ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር፤ የጆርዳንን ስድስት ዋንጫ በሁለት እጁ ጣቶች ደርድሮ ሰማታር አፍንጫ ሥር ይደቅናል።

«አምስት ነው እንዴ?» አለው። «እኔ ስድስት መስሎኝ! የእኔው ሌብሮን አራት አለው፤ ታዲያ በአንዲት ዋንጫ ነው ዕድሜ ልክህን የኮራህብኝ? ኦቦ አረሮ፣ ሰምተዋል፤ አምስት ብሏል!»

አዳነ አጉረመረመ። ቃል አልነበረም፤ ስድብ መሆኑን ግን ሰማታር አላጣውም። ግራ እጁን አላወረደም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ከጋቢው ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ወለተሐና ጋቢውን ገለጠችው። ያ ስታጥበው እንኳ የማይሰማው ቀኝ እጅ ፍራሹ ላይ ተዘርግቷል። አውራ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ቀና አለ፤ ወደቀ፤ እንደገና ቀና አለና ቆመ።

«ስድስት!» አለ ሰማታር። «አልሀምዱሊላህ፣ ስድስት ነው ወንድሜ። ስድስት!»

ተንሰቅስቆ አለቀሰ፤ አላፈረም። አላህ ዕድሜውን ሙሉ የሚሟገተው ሰው ሰጥቶት፣ ሊወስድበት ደርሶ መለሰለት። ከዚህ በላይ ምን ይለምን? ጎረቤቲቱ «ተመስገን፣ ተመስገን» ትላለች።

«ታዲያ ማን ረታ?» አሉ ኦቦ አረሮ።

ወለተሐና የሰማታርን እጅጌ ጨምድዳ ወደ አልጋው ጎተተችው። እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፤ ዓይኗን ከዚያች አውራ ጣት አልነቀለችም።

«ምን ቆመሃል?» አለችው። «ጆርዳንን ስደበው እንጂ። ድገመው!»