ቫዮሌቷን ያስጠለላት

ወይዘሮ ለተብርሃን አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ተስፉ ከላምበረት መናኸሪያ ወደ ሰሜን ተሳፍሮ ድምፁ ከጠፋ አራት ዓመት ሆነው። እሳቸው ግን "ይመጣል" ይላሉ፤ ሊያጽናናቸው የሞከረውን ሁሉ ይቆጣሉ።

አንድ ረፋድ ላይ ጎረቤታቸው ማራናታ የሰጠቻቸውን ቫዮሌት ልታይ መጣች። አበባዋን መስኮቱ ደፍ ላይ ስታያት ደነገጠች።

"ውይ እማማ! ጥላ ነው የምትወደው ብዬዎት አልነበር? ይሄ ፀሐይ እኮ በሁለት ቀን ነው የሚያቃጥላት።"

"ወር ሙሉ እዚሁ ናት፤ ይኸው አብባለች" አሉ።

ማራናታ ጠጋ አለች። ፀሐዩ ደፉን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። አበባዋ ላይ ብቻ የሰው ራስና ትከሻ የመሰለ ጥላ አርፏል። ቀና ብላ ብታይ ከባዶው መስታወት በቀር ፀሐዩን የሚከልል ነገር የለም።

"እማማ... የማን ጥላ ነው?"

ወይዘሮ ለተብርሃን እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ አበባዋ ዘረጉ። ጥላው ወደ እጃቸው ጎንበስ አለ።

እሳቸውም ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና አዘቅዝቀው ለበሱት።