አስራ ሁለተኛው ዘመቻ

ዘርዓብሩክ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አስራ አንድ የምርጫ ዘመቻ መርቶ አስራ አንዱንም ተሸንፏል።

ሥራው የፖለቲካ አማካሪነት ነው። ሊበርታሪያን ነኝ ይላል፤ መንግሥት ከሰው ኪስም ከሰው ደጅም ይራቅ ባይ ነው። ለከተማ ምክር ቤት፣ ለትምህርት ቦርድ፣ አንዴም ለካሊፎርኒያ ገዥነት የተወዳደሩ ሰዎችን አማክሯል። የአንዳቸውንም ስም ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

የሐበሻ ሱቆች በበዙበት የፌርፋክስ መንገድ ላይ የሚጠላው ግን በመሸነፉ አልነበረም፤ በአፉ ነው። ማኅበረሰቡ አዳራሽ ለመሥራት ከከተማው ድጎማ ሲጠይቅ ስብሰባው መሀል ተነስቶ፣ «በጎረቤት ኪስ የሚሠራ አዳራሽ የሌባ አዳራሽ ነው» አለ። ሽማግሌዎች ባሉበት። ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለው ሰው በጣት የሚቆጠር ሆነ።

የመኪና ማቆሚያ ደንብ የመጣ ጊዜም በየሱቁ እየዞረ ተቃወመ። ደንቡ አለፈ። የጉዞ ወኪሉ ፍፁም ያኔ በሩ ላይ አስቁሞት፣ «ስማ፣ ደንቡን እኔም አልወደድኩትም ነበር። አንተ ስትቃወመው ሳይ ነው የደገፍኩት» አለው።

ዘርዓብሩክ ወረቀቶቹን በብብቱ ይዞ ሄደ።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ከተማው «የንግድ ቀጠና» የሚባል ነገር ይዞ መጣ። በመንገዱ ላይ ያለ ሱቅና ቢሮ ሁሉ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፤ በዚያ ገንዘብ መንገዱ ይጸዳል፣ ጥበቃ ይቆማል፣ አበባ ይተከላል። ካለፈ መክፈል ግዴታ ነው። ድምፅ የሚሰጡት እነዚሁ ከፋዮች ናቸው። ሰዉ ሁለት ልብ ሆነ። አበባውን ወዶታል፣ መዋጮውን ፈርቷል።

ቅመም የሚሸጡት እትዬ ማሚቱ አላመነቱም። ቀጠናው ካለፈ ሱቃቸውን እንደሚዘጉ ያውቃሉ። እንደ ሌላው ሰው ዘርዓብሩክን አይወዱትም፤ ቢሆንም እዚያው መንገድ ላይ፣ ከፀጉር ቤቱ በላይ ያለው ቢሮው ድረስ ደረጃ ወጥተው ሄዱ።

«ልጄ፣ ይኼን ነገር አንተ ታውቅበታለህ። ተቃወምልን» አሉት።

«አልቃወምም፣ እትዬ።»

«ምነው?»

«ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።»

 እትዬ ማሚቱ የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ።

በሳምንቱ ዘርዓብሩክ ቀጠናውን ካመጣው የከተማ ምክር ቤት አባል ረዳት ከዝማሬ ጋር ምሳ ሲበላ ታየ፤ መስኮቱ ዳር፣ አላፊ አግዳሚው በሚያየው ጠረጴዛ። ቀጠናው ሲቋቋም ዳይሬክተር ሊያደርጉት ነው ተባለ። ፍፁም መንገድ ላይ ሲያገኘው ጠየቀው። ዘርዓብሩክ አላስተባበለም።

«ደመወዙ ጥሩ ነው» አለ።

ከዚያ ቀጠናውን የሚደግፍ ዘመቻ ጀመረ። አንዷን ልብስ ሻጭ፣ «ፈረንጅ የማይገባልሽ ደጅሽ ስለቆሸሸ ነው» አላት። አንዱን ባለ ምግብ ቤት ደንበኞቹ ፊት፣ «አንተን የሚያስተካክልህ መንግሥት ነው» አለው። ፖስተር አሳተመ፤ ሩቡ ጽሑፍ፣ የቀረው የራሱ ፊት። በማግስቱ ፖስተሩ ሁሉ ዓይን ዓይኑ ተቦርቡሮ ተገኘ። ሌላ አሳተመ፣ ይበልጥ ትልቅ።

ዝማሬ ቢሮው ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ ሰው እየደወለ ኮምፕሌን እያደረገ ነው። ፖስተሩ ላይ ያንተ ፊት ባይኖርስ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት ይኼንን ነው። ለእኔ ተዪው» አላት።

ሴት ልጁ ሰርክ ወሬውን የምትኖርበት ኖርዝ ሆሊውድ ሆና ሰማች። ሕፃን ሆና በራሪ ወረቀቱን በየደጁ የምታድልለት እሷ ነበረች። አንድ ቅዳሜ ነድታ መጣች፤ ሳትቀመጥ ተናገረች።

«ዳዲ፣ ሰው ሁሉ ሲጠላህ እኔ ፕራውድ ነበርኩ። ቢያንስ የሚያምንበትን ነው የሚናገረው እል ነበር። አሁን ምን ልበላቸው?»

«ምንም አትበዪ።»

«ሶ፣ እውነት ነው? ለሥራ ብለህ ነው?»

ዘርዓብሩክ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ጀመረ። 

«ስትነጂ ቀስ በይ» አላት።

በሩን ክፍት ትታው ወጣች። ሁለት ወር አልደወለችም። እሱም አልደወለም፤ ግን በየምሽቱ ስልኩን ከፊቱ አስቀምጦ ነበር የሚበላው።

የድምፅ ፖስታዎቹ የሚከፈቱበት ቀን የከተማው አዳራሽ ሞላ። ዘርዓብሩክ ገብቶ ሲቀመጥ በግራም በቀኝም ያሉት ተነስተው ሌላ ቦታ ፈለጉ። ሰርክ ከኋላ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አባቷ አያት፤ ፊቷን አዞረች።

ዝማሬ ፖስታውን እየቀደደች ስምና ውሳኔ ታነብባለች። ፍፁም፣ አይሆንም። ልብስ ሻጭዋ፣ አይሆንም። ባለ ምግብ ቤቱ፣ አይሆንም። ከሁለት ወር በፊት ሲያመነቱ የነበሩት ሁሉ ተራ በተራ፣ አይሆንም። ከሃምሳ አንዱ ፖስታ ሃምሳው ሲከፈት የደገፉት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ ቀጠናው ወደቀ። እትዬ ማሚቱ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሰዉ እየተነሳ ያቅፋቸው ጀመር።

ፍፁም ወደ ዘርዓብሩክ ሄዶ ጎንበስ አለ።

«ሥራዋም ቀረች እንግዲህ» አለው፣ ሰው እንዲሰማ።

በዙሪያው ያሉት ሳቁ። ዘርዓብሩክ ኮቱን አንስቶ፣ በቆሙት ሰዎች መሀል እየተሽሎከሎከ ወደ በሩ ሄደ። አንድ ሰው እግሩ ሥር ተፋ። እሱ ቀና ብሎም አላየ።

ዝማሬ እጇ ላይ አንድ ፖስታ ቀርቷት ነበር። ቀደደችው፣ አነበበችው፣ እንደገና አነበበችው። ከዚያ ጫጫታው ጋብ እስኪል ጠብቃ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ዘርዓብሩክ ኖላዊ፤ አይሆንም።»