ከደጅ የምትጣራው ሴት

ምዋናሻ ኮኮናት ስትፈቀፍቅ ትረካ ካላዳመጠች እጇ አይፈታላትም። ልጇን በወዲያኛው ክፍል አስተኝታ ማዳመጫዎቹን ጆሮዋ ላይ ሰካች።

ታሪኩ ባሕር ስለበላት ሴት ነው። ሴትዮዋ ጨቅላ ያለበትን ቤት እየመረጠች ከደጅ «ሆዲ» ትላለች። ከውስጥ «ካሪቡ፣ ግቢ» ካልተባለች ግን ደፍ አታልፍም። ስድስት ምዕራፍ ሙሉ ማንም አልመለሰላትም።

ምዋናሻ የኮኮናቱን ወተት እየጨመቀች ሳለ ተራኪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሆዲ» አለች።

«ካሪቡ» አለች ምዋናሻ፣ ሳታስበው።

በራሷ ሳቀች። ተራኪዋ ግን እዚያው ላይ ዝም አለች። ምዋናሻ ጎንበስ ብላ ስልኩን አየችው፤ ትረካው አልቆመም፣ ሰዓቱ ይሄዳል።

እህቷ ረሄማ ከገበያ ገብታ ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ትከሻዋን ነካ አድርጋም ጮክ ብላ፣

«አንቺ፣ እንግዳ አስቀምጠሽ እዚህ ትወሸቂያለሽ?» አለቻት።

«የምን እንግዳ?»

«ደጃፍ ላይ ያለው ጫማ የማን ነው ታዲያ? ውሃ በውሃ ሆኗል እኮ።»

ምዋናሻ ማዳመጫዎቹን ከጆሮዋ ነቀለች።

ከወዲያኛው ክፍል ተራኪዋ፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ልጁን እሹሩሩ ትለው ነበር።