በአባት ቤት የሚያልፍ ጉብኝት

ከጀጎል ግንብ ወጥቶ አምስት ዓመት የኖረ ሰው እንደ ባዕድ ይቆጠራል። ወደ አሮጌዋ ሐረር የሚገባው ጉብኝት መርጦ፣ ከአስጎብኚ ኋላ ተሰልፎ ብቻ ነው። ግንቡ ውስጥ ስልክ እንኳ ክልክል ነው፤ «ቅርስ ይበላሻል» ይላሉ። ከግንቡ ከወጣ አምስት ዓመት ያለፈው ረምዚ ይህን ሕግ በሰማ ቁጥር ይራገማል፤ ዛሬ ግን አባቱ ናፍቀውት በሩ ላይ ቆሟል።

«ቤተሰብ ምሳ ሲበላ የሚታይበትን ጉብኝት ስጪኝ፤ በአው ፈትሂ ቤት የሚያልፈውን» አለ የአባቱን ስም ጠርቶ።

ትኬት ቆራጯ ዝርዝሩን አየች። «ያ ቤት ከምሳ ወጥቷል ጋሼ። ከትናንት ጀምሮ የለቅሶ ጉብኝት ውስጥ ገብቷል። ዕድለኛ ነዎት፤ ትወና አይደለም፣ የእውነት ነው!»

የቤቱን ምስል የሚያሳየውን ስክሪን አዞረችለት። ጫማ ሳይወልቅ የማይረገጠው ቀይ ወለል በጎብኚዎች ጫማ ጨቅይቷል። እናቱ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ የአባቱ መደብ ባዶ ነው።

«አባቴ ናቸው» አለ።

«አላህ ይርሐማቸው» አለች ትኬቱን እየሰጠችው። «ብቻ አደራ ጋሼ፣ ማልቀስ ለነዋሪ ነው። ጎብኚ ካለቀሰ ከሰልፍ ይወጣል።»

ረምዚ ሊተፋባት የነበረውን ምራቅ ዋጠ። ዓይኑን በእጅጌው አደረቀና ተሰለፈ።