ከመጨረሻው ስንኝ በፊት

ሰውየው የታክሲውን ቴፕ ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ፣ ሹፌሩ ጨምር ያለው መስሎት ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀው። «እኔም ስወዳት ለጉድ ነው፣ ጋሼ! ገና ለጋ ነበረች እኮ፤ ሞት ምን አስቸኮለው?» አለ። ሰውየው የምትዘፍነው ሚስቱ መሆኗን አልነገረውም። ከቀብሯ ወዲህ ድምፅዋን ሽሽት ሬዲዮ ከፍቶ አያውቅም።

ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ቅጭል የሚል ድምፅ ተሰማ። ሹፌሩ መሪውን በጣቱ መታ አደረገና «ይቺን ምት ስወዳት!» አለ። ምት አልነበረችም። ዘፈኑ ሲቀረጽ ሰውየው ስቱዲዮው ጥግ ቆሞ ሲጠብቃት የቤታቸው ቁልፍ ከእጁ አምልጦ ወድቆ ነው። እንደገና ይቀረጽ ሲሏት «ተዉት፣ ባሌም አብሮኝ ይዝፈን» ብላ ስቃ ነበር።

ደጃፉ ሲደርሱ ያንኑ ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ቤት ውስጥ የሚጠብቀው አልነበረም።

«ወንድሜ፣ እስቲ ድገማት» አለ።

ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ደገማት።