የዳኛው ሣር

ጡረተኛው ዳኛ ለግቢያቸው የሣር ማጠጫ መቆጣጠሪያ ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። በሥራ ዘመናቸው የነፍስ ግድያ መዝገብ እንኳ ይህን ያህል አላንገላታቸውም።

ሣሩን የተከሉት ባለቤታቸው ናቸው። ካረፉ አራት ዓመት ቢሆናቸውም ዳኛው ሣሩን አንድም ቀን አላስጠሙትም። ባለፈው በጋ ግን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራተው ወደቁና ከጠዋት እስከ ማታ ወለል ላይ ቆዩ። ወገባቸው ዳነ፤ የውሃ ጎማ መጎተት ግን በዚያው ቀረ።

በሌላ ከተማ የምትኖረው አንዲት ልጃቸው ቤቱን ሸጠው አብረዋት እንዲኖሩ ለመነች። እምቢ አሉ። እንግዲያው በየጠዋቱ ልደውል አለች።

«ተማሪ ነኝ እንዴ፣ በየጠዋቱ ስሜ የሚጠራ?» ብለው ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ስትደውል አያነሱም። ልጅቷም ሁለተኛ ከወደቁ ቢወዱም ባይወዱም እንደምትወስዳቸው አስጠነቀቀች። ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው አሏት።

በሣሩ ጉዳይ ግን ተስማሙ። ዳኛው ሱቅ ሲሄዱ እሷም በስልክ አብራ ነበረች። ባለሱቁ ያቀረበው የመጀመሪያው መብራት ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል፤ ተጣለ። ሁለተኛው ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም፤ ተጣለ። ሦስተኛው የይለፍ ቃሉ ለሁሉም ገዢ አንድ ዓይነት ነው። ዳኛው ቁልፍን በር ላይ ሰቅሎ እንደመተኛት ቆጠሩት።

አራተኛው መብራት ቢጠፋ አይረሳም፣ ዝናብ ከዘነበ አያጠጣም፣ ለመነጽራቸውም የሚመች ትልቅ ቁልፍ ሆዱ ላይ አለው። ልጅቷ ዋስትናው ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ፀሐይ ይችል እንደሆነ፣ በእጅ ሲዘጋም ይመዘግብ እንደሆነ ጠየቀች። ባለሱቁ ደቂቃው ሳይቀር ይመዘግባል አላት። ይኼ ይሁን ተባለ። በሳምንቱ መጥታ ግድግዳው ላይ አስገጠመችው፤ ከስልክ የሚታዘዝበትን የይለፍ ቃልም በማስታወሻ ደብተራቸው ጻፈችላቸው።

መሣሪያው ማታ ማታ እንዲያጠጣ ታዘዘ። ሰባት ቀን እንደታዘዘው አደረገ። በስምንተኛው ቀን ልክ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ውሃው ተንፎለፎለ። ዳኛው በፒጃማቸው ወጥተው ዘጉት። በማግስቱም በዚያው ሰዓት ተከፈተ። በሦስተኛውም።

ተጠርጣሪ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤታቸው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሙያው አለው። የዛፉን ቅርንጫፍ አስቆርጠውበታልና ቂሙም አለው፤ ሰላምታ ካቆሙ ዓመት አልፏል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ በረንዳው ላይ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል።

ዳኛው ለልጃቸው ደውለው የይለፍ ቃሉን አስቀየሩ። ውሃው ተከፈተ። እንደገና አስቀየሩ። አሁንም ተከፈተ። ልጅቷ ሳትሰለች አምስት ጊዜ ቀየረችላቸው። ድሮ በንዴት ነበር የሚለያዩት፤ አሁን እየሳቁ ያወራሉ፤ የቤቱን መሸጥም ካነሳችው ቆየች።

እውነቱን ለመናገር ዳኛውም ነገሩን ወደውታል። ከአንድ ሰዓት በፊት ተነሥተው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ጫማቸውን አድርገው ይጠብቃሉ።

አንድ ቅዳሜ እጅ ከፍንጅ ሊይዙት ቆረጡ። ስልካቸውን መኝታ ቤት ትተው ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጡ። ዛሬ አይዘጉም፤ ማስረጃ ነውና ይፍሰስ። አንድ ሰዓት ሲሆን ውሃው ተከፈተ። ጎረቤቱ ግን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ዳኛው ግራ ገባቸው። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሣሩ ረጠበ፤ መንገዱም ረጠበ። ያን ጊዜ ጎረቤቱ ስልኩን አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገ።

ተባባሪ አለው ማለት ነው፣ አሉ ዳኛው በልባቸው።

ጎረቤቱ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ፣ አንድ እግሩን ጫማ ሳያደርግ እየሮጠ መጣና በራቸውን ደበደበ። ከፈቱለት። ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው አያቸው።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«ምን እንድሆንልህ ነው?»

«ኧረ ምንም። ውሃው ሲፈስ አይቼ ነው። ይዝጉት እንጂ።»

ዳኛው ከዚህ በላይ ምስክር አላስፈለጋቸውም። ተጠርጣሪው በገዛ እግሩ፣ ያውም በአንድ ጫማ፣ መጥቷል። ፖሊስ ሊጠሩ አስበው ተዉት፤ ጠዋታቸውን ማን ይሰጣቸዋል?

«ነገም ትከፍታለህ፣ ነገም እዘጋለሁ፤ ማን እንደሚሰለች እናያለን» አሉት።

ጎረቤቱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እሺ ጋሼ። ብቻ እርስዎ እንዳይሰለቹ።»

ዳኛው ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ሄዱና ትልቁን ቁልፍ ተጫኑ።

በሌላ ከተማ ልጃቸው ውሃውን በከፈተችበት ስልክ ላይ «በእጅ ተዘግቷል» የሚለውን መልእክት አነበበችና፣ ይዛው የቆመችውን የመኪና ቁልፍ መልሳ ሰቀለችው።