ጎሉ ገባ... ከላይ ግን ድምፅ የለም

"ጎ...ል!!!"

ባልየውና ወንድሙ ከሶፋው ተስፈንጥረው ተቃቀፉ።

ልብስ ሰፊዋ ሚስት ግን የስፌት መኪናዋን አቁማ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

"ዛሬ ከላይ ለምን ዝም አሉ?"

"ተገላገልን በይ!" አለ ባልየው እየሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ከእነሱ በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ሹፌር አሉ። ጨዋታ የሚከታተሉት በሬዲዮ ነው። ሬዲዮው ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ትንሽ ይቀድማል።

ስለዚህ ኳሷ ገና መሀል ሜዳ ላይ እያለች... "ገባ!!" የሚል ጩኸት ከላይ ይወርዳል። ወለሉንም በከዘራ ይደልቁታል።

ጎረቤቱ ሁሉ "ጋሽ ጠንቋይ" ይላቸዋል 😂

ባልየው ስንቴ በግኗል መሰላችሁ! "ሆን ብለው ነው፣ የጎላችንን ደስታ እየበሉብን ነው" ይላል።

ዛሬ ግን ጣሪያው ጭጭ።

"ባትሪ አልቆባቸው ይሆናላ" አለ ወንድምየው።

ሚስት ኳስ አትወድም... ነገሩ ግን አላማራትም።

"ጠዋት ደረጃው ላይ አግኝቻቸው 'ዛሬ ጨዋታ አለ፣ ቶሎ ልግባ' ብለውኛል። ቤት ናቸው።"

"ቆይ በናትሽ... ሊያልቅ ነው።"

አልቆየችም። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ደረጃውን ሮጠች።

አንኳኳች... መልስ የለም።

ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ሬዲዮው እየጮኸ ነው... የሰው ድምፅ ግን የለም።

"ኧረ ድረሱልኝ!!"

ያኔ ወንዶቹ ጨዋታውን ጥለው ወጡ። በሩን በትከሻቸው ገነጠሉት።

ጋሼ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቀዋል... ፊታቸው በላብ ርሷል... ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ተሸክመው ታክሲ ውስጥ አስገቧቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ "ልባቸው ነው... ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ..." አለ።

ጨዋታው ስንት ለስንት እንዳለቀ የጠየቀ የለም።

ጋሼ ነፍስ ሲዘሩ ባልየው አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ። አፍሯል።

"ጋሼ... ብቻ ይዳኑልን እንጂ እንደልብዎ ይጩሁ። ቡድናችን ያለ እርስዎ አይደምቅም።"

ጋሼ ፈገግ አሉ።

"ልጄ... እውነቱን ልንገርህ? ቡድናችሁን አልወደውም። እኔ የተቀናቃኛችሁ ደጋፊ ነኝ።"

ባልየው ዓይኑ ፈጠጠ። "ታዲያ በእኛ ጎል ምን ያስጮህዎታል?"

"በእኔ ቡድን ጎል ብጮህ ማን ይመልስልኛል?"

ጋሼ ቀጠሉ...

"ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። እኔ 'ገባ!' ስል... ትንሽ ቆይቶ ከታች እናንተ 'ጎል!' ትላላችሁ። ያቺን ድምፅ ነው የምጠብቃት። ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ያየሁ ይመስለኛል።"

ባልየው እንባው መጣ።

አሁን ጨዋታ ሲኖር ጋሼ ታች እነሱ ቤት ወርደው ሶፋው ላይ መሀል ይቀመጣሉ። የራሳቸው ቡድን ሲያገባም ይጮኻሉ... ባልየው ጥርሱን እየነከሰም ቢሆን አብሯቸው ይጮኻል!

ወዳጆቼ... ሰው ኳስ የሚወደው አብሮት የሚጮህ ስለሚያገኝ ነው። የጎረቤት ጩኸት ቢያናድዳችሁ ቻሉት። ዝም ሲል ግን ተነሱና በሩን አንኳኩ።

እናንተስ... ድምፁ ቢጠፋ ሮጣችሁ የምታንኳኩለት ሰው ማን ነው? 👇